የለቀስተኛ መንገድ

ሶስና ተካልኝን ደረቷን የያዛት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ግቢ ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ ነው። የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ገመዱ ሥር ቁጭ አለች። ባሏ ኪሩቤል ዘርጋው ከበረንዳው ሆኖ ሲያያት የወደቀ ልብስ የምታነሳ መስሎት ነበር። ቀርቦ ሲያይ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ይዛ ታሻለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በስልክ አይታት፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቃ፣ ልቧ መሆኑን ነገረችው። የተዘጋ የደም ሥር አለ፤ ትልቁ ሆስፒታል ከገባች ይከፍቱላታል፣ እንዲህ ሆኖ የዳነ ብዙ ነው። ግን እስከ ሦስት ሰዓት ከአርባ መድረስ አለባት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም አለችው። አምቡላንስ ስትጠራለት ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል ተባለ። መመለሻውን ማንም አልነገረውም፣ ኪሩቤልም ለመደመር ወረቀት አላስፈለገውም።

ትልቁ ሆስፒታል ከወንዝ ማዶ ሰፈር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በሁለት ሺህ ስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግን ርቀትን በኪሎ ሜትር የሚለካ ሰው አልቀረም። ርቀት የሚለካው በመኪናህ ማንነት ነው። እያንዳንዷ መኪና መስታወቷ ላይ መለያ አለባት፤ ግንባር ላይ ስለሚለጠፍ ሕዝቡ ክታብ ይለዋል። በየመጋጠሚያው የቆመው ምሰሶ ክታቡን ያነባል፤ እሱን ደግሞ ዘበኛ ይሉታል። ተራው ያልደረሰ መኪና ሲመጣ ከአስፋልቱ ውስጥ ስምንት የብረት ዘንጎች ብቅ ይላሉ፤ ስማቸው ጥርስ ነው። «መንገዱ ጥርሱን አወጣብኝ» ያለ ሰው ለምን አረፈድክ ተብሎ አይጠየቅም፤ አለቃም ሚስትም ይቅር ይላሉ።

የኪሩቤል የቤት መኪና ተራዋ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነበር። ጠዋት ከግቢ ብትወጣ ከቅያሱ አፍ አታልፍም። የጠዋት ተራ ያላቸው ጎረቤቶች ጎህ ሲቀድ ሄደዋል፤ የቀሩት እንደ እሱ ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቁ ናቸው።

አንድ ሌላ መኪና ግን በእጁ ነበረች። የእሱ አይደለችም፣ የእድሩ ናት። ኪሩቤል የወንዝ ማዶ እድር የመኪና ኃላፊና የአስከሬን መኪናው ሹፌር ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጥቁሯ መኪና ከቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ትቆማለች። ሬሳ ለጫነች መኪና መንገዱ ጥርስ የለውም። ባለሥልጣን እንኳ ሲያልፍ የሚጠብቃት ሰከንድ አለች፤ ሬሳ ሲያልፍ ግን ዘበኛው ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል።

ለሟች የተሰጠው ክብር ለቀባሪም እንዲሰጥ ያደረገው ደግሞ ራሱ ኪሩቤል ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እማማ የሺመቤት ሲቀበሩ ለቀስተኛው በየዘበኛው ተገትሮ ቀረ፤ አራት መቶ አባል ያለው እድር አሮጊቷን በስድስት ሰው ቀበራቸው። ስድስተኛው ኪሩቤል ነበር። አፈሩን እየመለሰ አለቀሰ፣ ከሐዘን ይልቅ በእፍረት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪኖቹን ተራ የሚያወጣውን የመንገድ ልየታ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ደጅ ጠና። ተሳካለትም። ከዚያ ወዲህ እድሩ ሞት ባስመዘገበ ቁጥር የአባላቱ ክታብ ለሦስት ሰዓት ያህል «ለቀስተኛ» ይሆናል፤ ከየትም ይነሱ ከየት፣ እስከ ለቅሶው ቤት መንገዱ ይከፈትላቸዋል። መክፈት ብቻ አይደለም፣ ግራና ቀኙን ጥርስ አውጥቶ ሌላውን ሁሉ ያቆምላቸዋል።

ሰው ደግሞ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የወንዝ ማዶ ሰው ቢሮው ገብቶ ወንበሩን ሳይስብ «ዛሬ ማን ሞተልን?» ማለት ጀመረ። ሞት ሲኖር ሥራ ትቶ በተከፈተ መንገድ ቤት መግባት አለ። እግረ መንገዱን ጎመንና ሽንኩርት የሚገዛም አለ። አንድ ሐሙስ ሞት ሳይኖር ስምንት ቀን ስለሞላው አንዱ አባል ለኪሩቤል ደውሎ «ጋሼ፣ ደህና ናችሁ ግን?» ብሎ ጠይቆታል። ኪሩቤል ይህን ያያል፣ ይናደዳል፤ ለቀብር የሚበቃ ሰው እስከመጣ ድረስ ግን ዘንቢሉን እንዳላየ ያልፋል።

ሶስናን ተሸክሞ ወደ መኪናዋ ወሰዳት። ሣጥኑ የሚቀመጥበት ላይ ፍራሽ አነጠፈ፣ ትራስ ደረበ። እሷ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ይቺን መኪና ስንቴ አጥቤልሃለሁ» አለችው። «ከውስጥ ግን አይቻት አላውቅም። ሰፊ ናት።»

አምቡላንሱን ሰረዘው። ለሌላ የተቸገረ ይድረስለት ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

የአስከሬን መኪና ስም ካልተሰጣት ባዶ ናት፤ ባዶዋ ደግሞ እንደ ማንም ተራ ትጠብቃለች። ኪሩቤል ግን ሥራውን ያውቃል። ቤቱ ያረፈ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት ሐኪም አይቶ እንዲያረጋግጥ ትልቁ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ሕጉ ነው። ስለዚህ አንድ ስም ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስሙን ይሰጣል፣ መንገዱ ይከፈታል፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ሶስናን አውርዶ ለሐኪሞቹ ያስረክባል። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

መሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የጻፈው አምና የሞተ ጎረቤቱን ስም ነበር። ሰሌዳው «ተቀብረዋል» አለው። ከራሱ አንድ ስም ፈጠረ። «እንዲህ ያለ ሰው የለም» አለው። መኪናዋ የምትፈልገው ከዚህ ግቢ ሊሞት የሚችል ሰው ነው። ልጃቸው አግብታ ሐዋሳ ከሄደች ወዲህ በግቢው የተመዘገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«የእኔን ጻፍ» አለችው ሶስና ከኋላው ባለችው ትንሽ መስኮት።

«ዝም በይ።»

«ኪሩ፣ ስም እኮ ነው። በሩ ላይ ቀና ብዬ እቀመጥላቸዋለሁ። ያዩኛል፣ ይሰርዙታል።»

ልክ ነበረች። ሶስና አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበረች፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ የቤቱ ጭንቅላት እሷ፣ እግሩ እሱ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ግን ኪሩቤል በሃያ ሰባት ዓመቱ የእድሩ ጸሐፊ ሳለ አንድ ነገር ገጥሞታል። የሟቾች ዝርዝር ሲያዘጋጅ ተሳስቶ ትርሲት የምትባል የሰፈሩን ልብስ ሰፊ ስም አብሮ ጻፈ። ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ስሙን ሰረዘው። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ሐኪም ሳንባዋ ነው አለ፤ ኪሩቤል ግን ብዕሬ ነው አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር የወጣ ደግሞ መቃብር ይገባል ብሎ አመነ። ከዚያ ወዲህ የሕያው ሰው ስም ሞት የሚል ቃል ካለበት ወረቀት ላይ አስፍሮ አያውቅም። አሁን የሶስናን፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እጁ እንዴት ይጽፈዋል?

ይወዳታል። ነገሩ ሁሉ ከዚህ አያልፍም። ስለዚህ የራሱን ስም ጻፈ።

ኪሩቤል ዘርጋው። ዕድሜ ስልሳ አንድ። ያረፉበት ቦታ፦ መኖሪያ ቤት። የሞቱበት ሰዓት፦ ሁለት ከሃምሳ አንድ። ሰሌዳው ጥቂት አሰበና አመሰገነው። የቅያሱ አፍ ላይ ስምንቱ ጥርሶች ወደ አስፋልቱ ገቡ።

ሶስና ምን እንደጻፈ ስትጠይቀው «የማይሆን ስም» አላት።

የመጀመሪያው ዘበኛ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። መብራቱ ከሩቅ እያያቸው አረንጓዴ ይሆናል። ግራና ቀኝ መኪኖች ተገትረው፣ እግረኞች ኮፍያቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ። ኪሩቤል በዚህ መንገድ ስንት ሬሳ ይዞ አልፏል፤ ሰው ይዞ ሲያልፍ ግን የመጀመሪያው ነው። ደስ አለው። ደስ ማለቱን ራሱ ታዘበውና አፈረ። ኋላ ዞሮ «ደረስን በይ» አላት፣ እሷም እህ አለችው።

ሦስተኛው ዘበኛ ትልቁ አደባባይ ላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። ኪሩቤል ነዳ፣ መኪናዋ አልሰማችውም። ቀስ ብላ፣ ሣጥን እንዳይናወጥ የምትጠነቀቀውን ያህል ተጠንቅቃ፣ ጠርዙን ይዛ ቆመች። ሞተሯ ጠፋ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ነበር።

አንድ ሞት ከሟቾች መዝገብ ወደ መንጃ ፈቃድ መዝገብ ለመድረስ ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ ነበር። ኪሩቤል አውራ ጣቱን መሪው ላይ ሲጫን ሰሌዳው እንዲህ የሚል ጽሑፍ አወጣ፦ «የአቶ ኪሩቤል ዘርጋው አውራ ጣት ከዛሬ 2፡51 ጀምሮ አያገለግልም። ሹፌሩ ስላረፉ ጉዞው ተሰርዟል። ነፍስ ይማር።»

ጣቱን በሱሪው ጠርጎ እንደገና ተጫነ። ነፍስ ይማር። በሌላኛው እጁ ሞከረ። ነፍስ ይማር።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። እድሩ ውስጥ ሞት ሲመዘገብ መልእክቱ አስቀድሞ የሚሄደው ለመኪና ኃላፊው ነው። «አባላችን አቶ ኪሩቤል ዘርጋው አርፈዋል። ለአባላት የለቀስተኛ ፈቃድ ይሰጥ? በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተከለከለ እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል።» ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምቷል፤ ለሟቹ ሲያረዱት ግን አልሰማም። ይከልከል የሚለውን ነካው። ስልኩ ለማረጋገጫ አውራ ጣቱን ጠየቀው።

ወርዶ የአደባባዩ ጥርስ ላይ የቆመች ታክሲ መስታወት አንኳኳ። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ክታቤ እዚህ አደባባይ ያልቃል አባቴ፣ ብጭናት ወደመጣሁበት ነው የምመልሳት አለው። ሁለተኛዋ መኪና ውስጥ ያለችው ሴት ከአስከሬን መኪና የመጣ ሰው መሆኑን አይታ መስታወቱን አልከፈተችም። አምቡላንስ ደግሞ ደወለ። ሃምሳ ደቂቃ አሉት።

በመጨረሻ የመንገድ ልየታ መሥሪያ ቤቱን ደወለ። ድምፅዋ ለስላሳ የሆነች ልጅ አነሳችው። ነገሩን ከላይ እስከ ታች ሲያስረዳት ሳታቋርጠው ሰማች።

«ሟቹ ምንዎ ናቸው ጋሼ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችው ከልማድ። መዝገቧን ስታገላብጥ ይሰማዋል። «እርስዎ ነዎት የመዘገቡት? የራስዎን?»

«አዎ ልጄ። ሚስቴ ኋላ ተኝታለች። ልቧ ነው።»

«የራስዎን ከሆነ እርምቱ በአካል ነው ጋሼ። ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ምስክር ይዘው።» ሊጠቅመው ፈልጋ ጨመረች፦ «የሌላ ሰው ስም ቢሆን ኖሮ እኮ ቀላል ነበር። ሹፌሩ ስለማይነካ ጉዞው አይቆምም፤ ሆስፒታሉ በር ላይ በአንድ ደቂቃ ያርሙታል። በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ሰው ሁሉ የታመመ ሲኖርበት እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ኪሩቤል ስልኩን ዘጋው። ሰው ሁሉ እንደዚያ እንደሚያደርግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬሳ ሲያመላልስ አንድም ሰው አልነገረውም። ለነገሩ ማን ይነግረዋል? እሱ ፊት እንዲህ ያለ ሟርት የሚያወራ የለም፣ ይቆጣል።

የኋላውን በር ከፍቶ ሶስና አጠገብ ተቀመጠ። ላብ አጥምቋታል። ለምን ቆምን አለችው። መንገድ ሊለቁልን ነው አላት። እጇን ሲይዘው የጠዋቱን የእርጥብ አንሶላ ቅዝቃዜ ያዘ።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ አደባባዩ ተንቀሳቀሰ። ከከተማው በኩል ያሉት ጥርሶች ገቡ፣ በኪሩቤል በኩል ያሉት ደግሞ ሁለት እጥፍ ሆነው ወጡ። መኪኖች መጡ። አንድ፣ አምስት፣ ሃያ። ፊታቸው ወደ ወንዝ ማዶ ነው። የፊተኛዋ ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ኪሩቤል አወቃቸው። ሁሉንም አወቃቸው።

ፈቃዱ ወጥቷል። በሦስት ዓመት ደጅ ጥናት ያገኘው መንገድ፣ እንደ ጠየቀው፣ አንድም ሰው ሳይቀር ለእሱ ለቅሶ ተከፍቷል። አደባባዩን አልፎ ወደ ሆስፒታል የሚሻገር ማንም የለም፣ የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪያልፍ።

ጥርሱ ዳር ቆሞ እጁን አወዛወዘ። እድሜውን ሙሉ ያልጮኸውን ጮኸ። እያዩት አለፉ። አስከሬን መኪና አጠገብ የቆመ ኪሩቤልን ማየት ልማዳቸው ነው፤ ዓይናቸው አይቶት ልባቸው አላየውም። አንዳንዶቹ ለሬሳው ብለው ጎንበስ አሉለት። ዳቦ ጋጋሪው ጉልበቱ ላይ ጥቅል ጎመን አስቀምጦ በስልክ እየሳቀ ያወራል። ከሠፈር ከለቀቁ አሥር ዓመት የሞላቸው ወይዘሮ ደግሞ፣ በሰላሙ ጊዜ ደህና ሰላምታ እንኳ የማይሰጡት፣ መስታወት ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ። ለእኔ ነው የሚያለቅሱት፣ አለ በልቡ፣ እና ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አመሰገናቸው።

ሦስት ከሃያ ሁለት ላይ አንዲት ግራጫ መኪና ሰልፉ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። አቤኔዘር ድልነሳሁ ወረደ። የልጅነት ጓደኛውና የእድሩ ሁለተኛ ሹፌር ነው። ፊቱ በእንባ እንደራሰ ኪሩቤልን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ኋላው ያሉት ለቀስተኞች ጡሩምባ አከታተሉበት።

«ድንኳን ተተክሏል እኮ» አለ አቤኔዘር። «ኪሩ፣ ድንኳን ተከልንልህ።»

ኪሩቤል በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረው። አቤኔዘር መኪናውን ለሚስቱ ትቶ፣ በጥርሶቹ መሃል ሾልኮ፣ መሪው ላይ ተቀመጠና አውራ ጣቱን ተጫነ። መኪናዋ ተነሳች። ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ስም ይጠይቃል።

«የእሷን ስም ስጠኝ» አለ አቤኔዘር። «ሬሳ የያዘች መኪና ለቀስተኛ ታስቆማለች። አሁን ብንጽፍ አሁን እናልፋለን።»

«ሰልፉ ያልቃል። ጥቂት ነው የቀረው።»

«ሰማንያ መኪና ነው የቀረው። ስጠኝ።»

«አንተን አልጽፍም፣ እኔንም ከእንግዲህ አይቀበልም፤ እሷን ግን…»

«ኪሩቤል!»

ሰው በገዛ ፍርሃቱ ሲታሰር ገመዱን የሚፈታለት የለም። ኪሩቤል ሰልፉን ቆጠረ። ያልቃል ብሎ ራሱን አሳመነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘንቢል የጫኑትን፣ ያለቀሱትን፣ ያዛጉትን እየቆጠረ አርባ ስድስት ደረሰ። አርባ ስድስተኛዋ ስታልፍ ሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ሆነ፤ ከአደባባዩ ማዶ የሰልፉ ጭራ አሁንም አይታይም።

ያኔ ኋላ ሄደ። ሶስና ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። ከንፈሯ ሰማያዊ መስሏል።

«ሶስዬ፣ ስምሽን ልጽፍ ነው» አላት። «ይቅር በይኝ።»

«ቅድም ብዬህ ነበር» አለችው። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ጨው አንሶታል እንደሚባል ዓይነት ነው። «ጻፈውና እንሂድ። በርዶኛል።»

ጋቢውን ደረበላት። ወደ ሰሌዳው መጥቶ ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈ። ሶስና። ሁለት ጊዜ አጥፍቶ እንደገና ጻፈው። ተካልኝ። ዕድሜ ሃምሳ ስምንት። ያረፉበት ቦታ። የሞቱበት ሰዓት የሚለው ላይ ቆመ። ወደፊት አድርጎ አራት ሰዓት ብሎ ሞላ፣ እሷን ከእጁ ለማራቅ። ሰሌዳው «ያልደረሰ ሰዓት መሙላት አይቻልም» አለው። አቤኔዘር የአሁኑን ጻፍ አለው። ጻፈ። ሦስት ከሠላሳ አንድ።

አደባባዩ ቀጥ አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት ቆመ፣ ጥርሶቹ በአንድ ጊዜ ገቡ፣ መብራቱ እስከ ማዶ ድረስ አረንጓዴ ሆነ። ጥቁሯ መኪና ስታልፍ የራሱ እድርተኞች መስታወት አውርደው አማተቡ። ኪሩቤል ኋላ ከሶስና ጋር ተቀምጧል። መንገዱ የሸራተን ምንጣፍ እንደተነጠፈበት ነው፣ አንድም ቦታ አላነቃነቃቸውም። ደረስን እኮ ይላታል። ተኝታለች ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እጇ ከእጁ እየከበደ ሲመጣ ይበልጥ አጥብቆ ያዘው።

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ሆስፒታሉ በር ደረሱ። ነርሷ ካለችው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀራል። የበሩ ሠራተኛ አቤኔዘርን «እርማት አለ?» ብሎ ጠየቀው፤ በየቀኑ የሚጠይቀው ነው። «አለ፣ አለ» አለ ኪሩቤል ከኋላ፣ «ሚስቴ በሕይወት አለች፣ በስህተት ነው የተጻፈው።» ሠራተኛው ሳይደነቅ ሐኪም ጠራ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ የሶስናን አንገት ነካች፣ የዓይኗን ሽፋን ገለጠች፣ የእጅ ማሽኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከዚያ ሰሌዳውን ቀና ብላ አነበበች።

«ሰዓቱን ማን ነው የሞላው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ኪሩቤል።

«ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ይሳሳታል» አለችው፣ በደግነት። «የእርስዎ ግን ልክ ነው። ሦስት ከሠላሳ አንድ። የሚታረም ነገር የለውም።»

ፈረመች። ሰሌዳው ወዲያው የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ አወጣ፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት መብራቶች ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ።